ሁለት ቢጫ ካርድ

መተማ ዮሐንስንና ጋላባትን የሚለያቸው አንድ ድልድይ ነው፤ ከገዳሪፍ እስከ ጎንደርም የኳስ አፍቃሪው ብሶት ተመሳሳይ ነው። ሱዳን በግንቦት 2004 ዓ.ም. በዓለም ዋንጫ ማጣሪያ ዛምቢያን 2 ለ 0 ብትረታም፣ ቅጣት ያለበትን ተጫዋች በማሰለፏ 3 ለ 0 እንደተሸነፈች ተቆጠረባት። ልክ በዓመቱ ኢትዮጵያም ቦትስዋናን 2 ለ 1 አሸንፋ በዚያው ጥፋት 3 ነጥብ ተነጠቀች። የጎረቤት እሳት እያየን!

ፌዴሬሽኑ ጥፋቱን አመነ። ደጋፊውን ያንገበገበው ግን ተጫዋቾቹ በላባቸው ያገኙት ድል በጽሕፈት ቤት መባከኑ ነው። አስቤዛዋን ሳንቲም በሳንቲም የምትመዘግብ የወታደር ባለቤት «ሁለት ካርድ መቁጠር አቃታቸው?» ብትል ማን ይፈርድባታል?

በ2006 ዓ.ም. አሠልጣኝ ሰውነት ቢሻው ተሰናበቱ። ቡድኑን እንዲገነቡ የመጡት ፖርቱጋላዊው ማሪያኖ ባሬቶም በዓመት ገደማ ተሸኙ።