የልብ ቃልና የአፍ ቃል

ልጆች ሆይ፤ በወልቂጤ ገበያ ቆማችሁ ብታዳምጡ ጉራጊኛ፥ አማርኛና ኦሮምኛ ትሰማላችሁ። በቡታጅራ ገበያም ስልጢኛና ማረቆኛ ይጨመርበታል። በአማርኛ «ውሃ» የሚባለው በኦሮምኛ «ቢሻን»፥ በግዕዝ «ማይ» ይባላል። ስሙ ሦስት ነው፤ ጥምን የሚቆርጠው ነገር ግን አንድ ነው። እንግዲህ ሰው በልቡ ሲያስብ በየትኛው ቋንቋ ያስባል?

በዚህ ነገር የጥንት ሊቃውንት ብዙ ተከራክረዋል። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ354 ዓመት በሰሜን አፍሪካ የተወለደው አውግስጢኖስ፥ በሰው ልብ ውስጥ የግሪክም የላቲንም ያልሆነ ቃል አለ ብሎ አስተማረ። ከ1033 እስከ 1109 የኖረው አንሰልም ደግሞ ነገሩን በሦስት ከፈለው። መጀመሪያው «ሰው» ብሎ በአፍ መጥራት ነው። ሁለተኛው ይህንኑ ስም አፍን ዘግቶ በልብ ማለት ነው። ሦስተኛው ስሙን ትቶ ሰውን ራሱን በልብ ማሰብ ነው፤ ይህም በሕዝብ ሁሉ ዘንድ አንድ ነው አለ።

በ1323 ገደማ እንግሊዛዊው ዊልያም ኦካም ይህን ትምህርት አጸና። የእርሱን አሳብ በምሳሌ እንግለጠው። ጢስ የእሳት ምልክት ነው፤ ይህንንም ሰው አልወሰነውም። ደወል ግን የትምህርት ሰዓት ምልክት የሆነው ሰዎች ስለ ተስማሙበት ነው። እንደ ኦካም አሳብ የልብ አሳብ እንደ ጢሱ፥ የአፍ ቃል እንደ ደወሉ ነው።

ጥቂት ዓመት ቆይቶ በኦክስፎርድ ያስተምር የነበረው ክራቶርን ተቃወመው። በልባችን የምንናገረው ከአፋችን ቃል የተቀዳ ነው አለ። እውነትም፥ በልባችን ስንቈጥር «አንድ፥ ሁለት» እያልን በቃል እንቈጥራለን። ነገር ግን የምናውቀው ዕቃ ስሙ ጠፍቶን ስንጨነቅ፥ ዕቃው በልባችን አለ፤ የጠፋው ስሙ ብቻ ነው። ስለዚህ በ1358 የሞተው የሪሚኒው ጎርጎርዮስ ሁለቱም ዓይነት በልብ ውስጥ አለ ብሎ አስታረቀ።

ይህ ክርክር ለእኛም ይጠቅማል። አንድ ልጅ ከጉራጌ ገጠር መጥቶ ስለ እንሰት በአማርኛ ቢጠየቅ ዝም ይል ይሆናል። ጓደኞቹም ሞኝ ነው ብለው ይሥቁበታል። እርሱ ግን እንሰት እንዴት እንዲተከል፥ እንዴት እንዲፋቅ፥ ቆጮውም በጕድጓድ እንዴት እንዲቀበር ከእናቱ ዘንድ አይቶ ያውቃል። የጐደለው ቃል እንጂ አሳብ አይደለም። የሚሥቁት ግን ቃሉን ያውቃሉ፤ ነገሩን ምናልባት አያውቁም።

እንግዲህ ልጆች ሆይ፤ ቃል ያጠረውን አትናቁ፤ ታግሣችሁ ስሙት። ቃል ያጠራችሁም አትፈሩ፤ ተግታችሁ ተማሩ። በልብ ያለ አሳብ በጐተራ እንደ ተዘጋ እህል ነው፤ ሌላውን የሚያጠግበው በአፍ ሲወጣ ነው።