የማደንዘዣ መድኃኒቶች የሚሠሩባቸው የነርቭ ህዋስ በሮች

ዊሊያም ሞርተን የተባለው የጥርስ ሐኪም እ.ኤ.አ ኦክቶበር 16 ቀን 1846 በአሜሪካ ቦስተን ከተማ ለአንድ ህመምተኛ ኤተር በማስተንፈስ ቀዶ ህክምና ያለ ስቃይ ሊካሄድ እንደሚችል በይፋ አሳይቷል። መድኃኒቱ በአካል ውስጥ የሚሠራው በምን መንገድ እንደሆነ ግን ከዚያ በኋላ ከአንድ ምዕተ ዓመት በላይ ሳይታወቅ ቆይቷል።

ለረጅም ጊዜ ተቀባይነት አግኝቶ የቆየው አስተሳሰብ፣ ማደንዘዣዎች በህዋስ ሽፋን ስብ ውስጥ እየሟሙ የህዋሱን ሥራ ያውካሉ የሚል ነበር። በስብ ውስጥ በይበልጥ የሚሟሟው መድኃኒት በይበልጥ የሚያደነዝዝ መሆኑም ለዚሁ ድጋፍ ሆኖታል። ይሁንና ኒኮላስ ፍራንክስና ዊሊያም ሊብ የተባሉ በለንደን የሚሠሩ ተመራማሪዎች፣ ሌሊት ከምታበራ ጥንዚዛ የተወሰደና ምንም ስብ የሌለበት ፕሮቲን በማደንዘዣዎች ሥራው እንደሚገታ እ.ኤ.አ በ1984 አሳዩ። ከዚያ ወዲህ ትኩረቱ ወደ ፕሮቲኖች፣ በተለይም የኤሌክትሪክ ሙል ያላቸው አዮኖች ወደ ህዋስ ወደሚገቡባቸውና ወደሚወጡባቸው ጥቃቅን በሮች ዞሯል።

የነርቭ ህዋሳት መልእክት የሚያስተላልፉት በእነዚህ በሮች መከፈትና መዘጋት ነው። ጋባ የተባለው ኬሚካል የራሱን በር ሲከፍት ክሎራይድ ገብቶ ህዋሱን ያረጋጋዋል። ፕሮፖፎልና ቲዮፔንታል ከዚሁ በር ጋር ተጣብቀው የክሎራይዱን ፍሰት ያራዝማሉ። ይህ ግምት ብቻ አይደለም፤ በበሩ ፕሮቲን ላይ የአንዲት አሚኖ አሲድ ለውጥ በተደረገባቸው አይጦች የፕሮፖፎል ኃይል በእጅጉ እንደሚቀንስ እ.ኤ.አ በ2003 የወጣ ጥናት አረጋግጧል። በትንፋሽ የሚሰጠው ሃሎቴን በበኩሉ ፖታሲየም የሚወጣባቸውን አንዳንድ በሮችም ይከፍታል።

ኬታሚን ግን ከእነዚህ የተለየ ነው። ዋነኛ ሥራው ግሉታሜት የተባለው አነቃቂ ኬሚካል የሚከፍተውን፣ ካልሲየምና ሶዲየም የሚገቡበትን በር መዝጋት ነው። ሌሎቹ ማደንዘዣዎች ትንፋሽንና የደም ግፊትን ሲቀንሱ፣ ኬታሚን በተለመደው መጠን ሲሰጥ ግን የህመምተኛው ትንፋሽ በአብዛኛው ሳይቋረጥ ይቀጥላል፤ የደም ግፊቱም ብዙውን ጊዜ ከፍ ይላል። ህመምተኛው ሲነቃ ቅዠት ሊያስከትልበት መቻሉ ጉድለቱ ነው።

ልዩነቱ ከቤተ ሙከራ አልፎ የመንግሥታት መነጋገሪያ ሆኗል። ቻይና መድኃኒቱ ለሱስ እየዋለ በመሆኑ በዓለም አቀፍ ቁጥጥር ሥር እንዲገባ ያቀረበችው ሐሳብ እ.ኤ.አ በማርች 2015 ለተባበሩት መንግሥታት የአደንዛዥ ዕፆች ኮሚሽን ቀርቦ ውሳኔው እንዲዘገይ ተደርጓል። የዓለም ጤና ድርጅት ቁጥጥሩን ያልደገፈው፣ የማደንዘዣ መሣሪያና አስተማማኝ የኤሌክትሪክ ኃይል በሌለባቸው አካባቢዎች ኬታሚን ብቸኛው አማራጭ ሊሆን እንደሚችል በማመልከት ነው።

በኢትዮጵያ ሆስፒታሎችም ኬታሚን በስፋት ከሚሠራባቸው ማደንዘዣዎች አንዱ ነው። በእርሱ ምትክ ፕሮፖፎል ወይም ቲዮፔንታል እንዲገዛ በሚወሰንበት ጊዜ፣ ትንፋሹ ለሚቋረጥ ህመምተኛ የመተንፈሻ መሣሪያ፣ ኦክስጂንና የሠለጠነ ባለሙያ አብረው መመደብ ይኖርባቸዋል።