ሁለት ባልዲ ጥቁር አፈር

ጤፍ ለእኛ ለአርኪዮሎጂስቶች አስቸጋሪ እህል ነው። ፍሬው ከአንድ ሚሊሜትር ብዙም ስለማይርቅ የተለመደው የቁፋሮ ወንፊት አይይዘውም። በዚያ ላይ መሬት ውስጥ ለዘመናት የሚቆየው ከስሎ ግን ነዶ ያላለቀው ፍሬ ነው። ገብስ ሲቆላ ከምጣድ የዘለለው እሳት ውስጥ ይወድቅና ይከስላል፤ ጤፍ ግን በጥሬው ተፈጭቶ እሳት የሚያገኘው ሊጥ ከሆነ በኋላ ነው። ስለዚህ «ጤፍ አልተገኘም» ማለት «ሰዉ ጤፍ አልበላም» ማለት አይደለም። ይህን የዘነጋ ሪፖርት ሳነብ እበሳጫለሁ።

መፍትሔው ውሃ ነው። ከጥንት ምድጃና ከአመድ ጉድጓድ የወጣውን አፈር በባልዲ ለክተን በርሜል ውስጥ እንበትነዋለን። ከስሎ የቀለለው ሁሉ ይንሳፈፋል፤ በስስ ጨርቅ እናጠልለዋለን፣ ፀሐይ እንዳይሰነጥቀው ጥላ ውስጥ እናደርቀዋለን፣ ከዚያ ለቀናት ማይክሮስኮፕ ላይ ማጎንበስ ነው። ከ1993 እስከ 1997 እ.ኤ.አ. ዴቪድ ፊሊፕሰን በአክሱም በመሩት ቁፋሮ ስንዴ፣ ገብስ፣ ጤፍ፣ ተልባ፣ የጥጥና የወይን ዘር ሳይቀር ተለይቷል። ጎብኚ ግን ፎቶ የሚነሳው ሐውልቱ ሥር ነው፤ አልፈርድበትም።

ሌላው የሥራዬ ግማሽ የጥንት ብረት ማቅለጫ ነው፦ ጥቁር ከባድ ዝቃጭ፣ የተሰባበረ የወናፍ ሸክላ ቱቦ። ከእህሉ ጋር የሚያገናኘው ከሰሉ ነው። ከሰሉን ሰብረን የውስጡን ቀዳዳዎች ስናይ ወይራ ይሁን ግራር እንለያለን። ዕድሜውን ስንለካ ግን እንጠነቀቃለን፤ ራዲዮካርቦን የሚነግረን እንጨቱ ያደገበትን ዘመን እንጂ የተቆረጠበትን አይደለም። ያረጀ ወይራ ልቡ ከቅርፊቱ በመቶ ዓመታት ሊቀድም ይችላል። ከጎኑ አንዲት የገብስ ፍሬ ከተገኘች እሷን እመርጣለሁ፤ የአንድ ክረምት ልጅ ናት።

ደብረ ታቦር አጠገብ ጋፋት ላይ በ1860ዎቹ እ.ኤ.አ. የተሠራውን ሴባስቶፖል የተባለውን መድፍ የማያውቅ የለም። እኔ የማስበው ስለ መድፉ ሳይሆን፣ ያን ሁሉ ብረታ ብረት ያቀለጠው እንጨት ከየትኛው ጋራ እንደተቆረጠ ነው። እንዲህ ያለውን ጥያቄ ሐውልት አይመልሰውም።

የማቅለጫ ቦታ ደግሞ አጥርም ዘበኛም የለውም። መንገድ ሲወጣ መጀመሪያ የሚጠረገው እሱ ነው፤ ዝቃጩ ግሩም ጠጠር ይወጣዋል፣ እውነት ለመናገር። ለመንገድ ሠሪዎች የማቀርበው ልመና ትንሽ ነው፦ ጠጠሩን ውሰዱት፤ ግን ከመጥረጋችሁ በፊት ጥሩኝ፣ ከሥሩ ያለውን ጥቁር አፈር ከየቦታው ሁለት ሁለት ባልዲ ልውሰድ።