የተበጠሰ ጅማት ትዕግስት ይፈልጋል

የማንቸስተር ዩናይትድ ደጋፊዎች ሩድ ቫን ኒስተልሮይን የሚያስታውሱት በጎሎቹ ነው። በ5 የውድድር ዘመን 219 ጨዋታ፣ 150 ጎል! ይሁንና ሆላንዳዊው አጥቂ የዩናይትድን ማሊያ ከመልበሱ በፊት የእግር ኳስ ሕይወቱ አደጋ ላይ ወድቆ ነበር።

እ.ኤ.አ በአፕሪል 2000 ከፒኤስቪ አይንድሆቨን ወደ ዩናይትድ ሊያደርግ የነበረው ዝውውር በጉልበቱ ሳቢያ በሕክምና ምርመራ ላይ ተሰናከለ። ከጥቂት ቀናት በኋላ በክለቡ ልምምድ ላይ ለኳስ ዘሎ ሲወርድ ቀኝ ጉልበቱ ከዳው። የፊት መስቀለኛ ጅማቱ ተበጠሰ፤ ጩኸቱን ካሜራ ቀረጸው።

ይህ ጅማት በጉልበት መሀል የጭንን አጥንት ከቅልጥም አጥንት ጋር ያስራል። የተበጠሰበት ሰው ቀጥ ብሎ መራመድ ይችል ይሆናል፤ በሩጫ ላይ ድንገት ልዙር ሲል ግን ጉልበቱ ይከዳዋል። ለአጥቂ ደግሞ ሥራው መዞር ነው።

ሙሉ በሙሉ የተበጠሰውን ጅማት መልሶ መስፋት ብዙ ጊዜ አያዋጣም። ሐኪሞች ከራሱ ከተጫዋቹ፣ ከጉልበት ሎሚው ሥር ወይም ከጭኑ ኋላ፣ ሌላ ጅማት ይወስዳሉ። ሁለቱን አጥንቶች በስተው ያሳልፉትና በብሎን ያስሩታል። ይህ ሁሉ በሰዓታት ውስጥ ያልቃል።

ፈተናው ከዚያ ወዲያ ነው። የተተከለው ጅማት ደም ስር አብቅሎ እስኪዋሐድ መጀመሪያ ይደክማል እንጂ አይጠነክርም። ሕመሙ ግን ቀድሞ ይጠፋል። ተጫዋቹ «ድኛለሁ» ይላል፣ ክለቡም ይቸኩላል። እ.ኤ.አ በ2016 የወጣው የደላዌርና የኦስሎ ተመራማሪዎች ጥናት እንዳሳየው፣ እስከ 9ኛው ወር ድረስ ወደ ሜዳ መመለስ በአንድ ወር በዘገየ ቁጥር ዳግም የመጎዳት ዕድል በግማሽ ያህል ይቀንሳል።

ቫን ኒስተልሮይ በአሜሪካ ኮሎራዶ በዶክተር ሪቻርድ ስቴድማን እጅ ታክሞ አንድ ዓመት ገደማ ከሜዳ ራቀ። አሌክስ ፈርጉሰንም ፊታቸውን አላዞሩበትም። በአፕሪል 2001 በ19 ሚሊዮን ፓውንድ አስፈረሙት። በኦገስት የመጀመሪያ የሊግ ጨዋታው ፉልሃም ላይ 2 አገባ። በ2002/03 ዩናይትድ ዋንጫውን ሲያነሳ የፕሪሚየር ሊጉ ኮከብ ጎል አግቢ እሱ ነበር፤ 25 ጎል፣ በዚያው በተጠገነው ጉልበት።