ሳል ሁሉ ቲቢ አይደለም

ዛሬ ይዘን የቀረብነው የአንዲት ተማሪያችንን ታሪክ ነው።

ልጅቱ የሰባት ዓመት ናት። ሳሏ ክረምት ከበጋ አይለቃትም። ትበላለች፣ ግን ሰውነቷ ጠብ አይልለትም። ጎረቤት «ቲቢ ነው» ብሎ ልጆቹን ከእሷ አራቀ። እኛም አስተማሪዎቿ፣ እውነቱን እንናገርና፣ መስኮት ሥር ለብቻዋ አስቀምጠናት ነበር። የቲቢ መድኃኒት ወስዳ ጨረሰች፤ ሳሉ ግን ያው ነው።

በመጨረሻ የመውጫ ፈቃድ ተገኝቶ ከካኩማ ወደ ናይሮቢ ተላከች። እናቷ ከአማርኛ ሌላ ስለማይችሉ ለማስተርጎም አብረን ሄድን። ዌስትላንድስ ያገኘናት ሐኪም መጀመሪያ የጠየቀችው «ልጅዎን ሲስሟት ጨው ጨው ትላለች?» ብላ ነው። እናት ደንግጠው «ከሕፃንነቷ ጀምሮ!» አሉ። ከምርመራ በኋላ የበሽታው ስም ሲስቲክ ፋይብሮሲስ መሆኑ ተነገረን።

በሽታው በዘር ይወረሳል እንጂ ከሰው ሰው አይጋባም። ጤነኛ እናትና አባት ሁለቱም የተበላሸውን ዘረመል ከያዙ፣ በእያንዳንዱ እርግዝና ልጁ የመታመም ዕድሉ ከ4 አንድ ነው። የሳንባው ስስ አክታ እንደ ሙጫ ይወፍርና የአየር ቧንቧዎችን ይዘጋል፤ ተህዋስያንም እዚያ ይራባሉ። ቆሽትም ስለሚደፈን ምግብ በወጉ አይፈጭም። ዶክተር ዶሮቲ አንደርሰን በሽታውን ለይተው የጻፉት እ.ኤ.አ. በ1938 ነው። ለረጅም ጊዜ የነጮች በሽታ ተደርጎ ስለታየ በአፍሪካ ልጆች ላይ ቶሎ አይጠረጠርም። እ.ኤ.አ. ከ2012 ጀምሮ ችግሩን ከሥሩ የሚያግዙ ክኒኖች ወጥተዋል፤ ዋጋቸው ግን ለእኛ ቢጤው የሚቀመስ አይደለም።

ታዲያ ምን ይደረግ? የፊዚዮቴራፒ ባለሙያዋ ለእናት ያሳየቻቸው ይህን ነው፦

ልጅቱ ሆዷ ባዶ ሲሆን በጎኗ ትተኛለች። እናት መዳፋቸውን ውኃ እንደሚጨልፍ ሰው ጎድጎድ አድርገው፣ በስስ ልብስ ላይ ጎድኗን ለጥቂት ደቂቃ ይመታሉ። ድምፁ ከበሮ ከበሮ ይላል እንጂ አያምም። አከርካሪ፣ ሆድና ኩላሊት አይነኩም። ከዚያ በረጅሙ ትተነፍሳለች፤ መስታወት እንደሚያደበዝዝ ሰው አፏን ከፍታ «ሃህ!» ትላለች፤ አክታውን ስላ ትተፋለች። ይህ በቀን ሁለት ጊዜ ነው፤ ሲያማት ይጨመራል። በቱቦ ጠርሙስ ውኃ ውስጥ እየነፉ አረፋ ማውጣት፣ ገመድ መዝለልና መሮጥም አክታ ያላቅቃሉ። ጨቅላ ሕፃን ግን ጭንቅላቱ ወደ ታች አይዘቀዘቅም፤ የሆዱ ምግብ ወደ ላይ ይመለስበታል።

አደራ! ሳል ያለበትን ልጅ ሁሉ በራሳችሁ አትምቱ፤ የቲቢ መድኃኒትም አታቋርጡ። በቅድሚያ ቲቢ ይመርመር። ሳሉ ካልለቀቀ፣ ልጁ ካልፋፋ፣ ሰገራው ቅባት ካለው፣ ላቡ ጨው ጨው ካለ፣ ይህን ሁሉ ለሐኪሙ ንገሩ። በዚህ በካኩማ ሙቀት ጨው በላብ ስለሚያልቅባቸው ምን ያህል እንደሚተካ ጠይቁ።

ልጅቱ ዛሬ ፊተኛው ወንበር ላይ ከጓደኞቿ ጋር ተቀምጣለች። ሳሏ አልጠፋም፤ እኛ ግን መሸሻችንን ትተናል። በእረፍት ሰዓት ጠርሙሷን ስትነፋ ልጆቹ «እኔም ልንፋ!» እያሉ ይሻማሉ፤ ለየራሳቸው ጠርሙስ ሰጥተናቸዋል።