ከጋኑ በፊት ማሰሮው፦ የሦስት ጓደኞች የማሽላ ብቅል ሙከራ በአሰበ ተፈሪ

ማሽላ በምዕራብ ሐረርጌ የገበሬው ዋነኛ እህል መሆኑ የታወቀ ነው። እህሉ ለእንጀራ፣ ለቂጣና ለገንፎ፣ አገዳው ለከብት መኖና ለማገዶ ይውላል። እህሉ በቅሎ ሲደርቅ ደግሞ ብቅል ይሆናል። ዛሬ ጭሮ እየተባለች በምትጠራው በአሰበ ተፈሪ ከተማ፣ ከእርሻ ኮሌጅ በዲፕሎማ የተመረቅን ሦስት ጓደኞች ከዚሁ ብቅል መጠጥ ለመሥራት ሙከራ አድርገን ነበር። ከሙከራው ያገኘነው ትምህርት ለገበሬ ማኅበራት መሪዎች ይጠቅማል ብለን ስላመንን እንደሚከተለው አቅርበነዋል።

ሐሳቡ ከባዶ የመነጨ አልነበረም። በሐረር ከተማ እ.ኤ.አ. በ1984 የተቋቋመው የቢራ ፋብሪካ ከቢራው ሌላ ሐረር ሶፊ የተባለ አልኮል አልባ የብቅል መጠጥ አውጥቷል። ናይጄሪያም እ.ኤ.አ. በ1988 የገብስ ብቅል ከውጭ እንዳይገባ በከለከለች ጊዜ የቢራ ፋብሪካዎቿ ወደ ማሽላና ወደ በቆሎ ዞረዋል። በኡጋንዳ ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ2002 ጀምሮ ገበሬዎች ያመረቱት ማሽላ ለቢራ መጥመቂያ ውሏል። እኛም አምስት ኪሎ ማሽላ ገዝተን ሥራውን በሁለት ማሰሮ ጀመርን፤ በአንደኛው ጌሾ የገባበት ቢራ፣ በሁለተኛው የማያሰክር የብቅል መጠጥ ልንሠራ ነበር።

ከጉድጓድ የወጣ እህል

የመጀመሪያው ማሽላ ገና ሲበቅል አሳፈረን። መቶ ፍሬ ቆጥረን በእርጥብ ጨርቅ ብንጠቀልል የበቀለው 61 ብቻ ነበር። ሻጩን ብንጠይቅ እህሉ ከጉድጓድ የወጣ መሆኑን ነገረን። በጉድጓድ የሚከማች ማሽላ ከነቀዝ ቢተርፍም እርጥበትና መታፈን የመብቀል ኃይሉን ይቀንሱበታል። የሻገተ ከሆነ ደግሞ ጉዳቱ የከፋ ነው፤ የሻጋታ መርዝ በማፍላት አይጠፋምና። ስለዚህ ከመቶ ፍሬ ዘጠና ያህሉ የማይበቅል እህል ለብቅል መግዛት ገንዘብ መጣል ነው።

በሁለተኛው ሙከራ በጎተራ የቆየ ማሽላ ገዝተን አንድ ቀን ዘፈዘፍነው፤ ከዚያም አራት ቀን አብቅለን በፀሐይ አደረቅነው። እዚህ ላይ አንድ ጥንቃቄ አለ። ለጋ ማሽላ የበላ ከብት ሊሞት እንደሚችል ገበሬው ያውቃል። ያው መርዝ በበቀለው ማሽላ ቡቃያ ላይም አለ። በመሆኑም ብቅሉ ከደረቀ በኋላ ቡቃያውና ሥሩ ታሽቶ መነፋት አለበት፤ የተነፋውም ለከብት አይሰጥም። መጠጡንም በሚገባ ማፍላት ያስፈልጋል።

እናቶቻችን ያውቁት የነበረው

ሁለተኛው ስሕተታችን ከብቅል አጨማመር ላይ ነበር። የማሽላው ገንፎ ገና እየተንተከተከ ብቅሉን ጨመርንበት፤ ገንፎው ግን እስከ ማታ ድረስ ሳይቀጥን ቀረ። ምክንያቱን የተረዳነው በኋላ ነው። የማሽላ ዱቄት ለመብሰል ሰባ ዲግሪ የሚደርስና ከዚያም የሚበልጥ ሙቀት ይፈልጋል፤ ዱቄቱን ወደ ስኳር የሚለውጠው የብቅሉ ኃይል ግን በዚያ ሙቀት ይሞታል። ስለዚህ በመጀመሪያ ዱቄቱን ማብሰል፣ ቀጥሎ ወደ ስልሳ ዲግሪ ግድም ማብረድ፣ ብቅሉን መጨመር ከዚያ በኋላ ነው። በሦስተኛው ጊዜ እንዲሁ ብናደርግ ገንፎው በአንድ ሰዓት ውስጥ ቀጥኖ ጣፈጠ።

ይህንን ለአንዲት ጠላ ጠማቂ እናት ብንነግራቸው ሳቁብን። «እና ቂጣው የሚጋገረው፣ እንኩሮው የሚቆላው ለምን መሰላችሁ?» አሉን። እውነትም ጠላ ጠማቂዎቻችን ዱቄቱን አስቀድመው በምጣድ ያበስሉታል፤ ብቅሉ የሚገናኘው ከበሰለ እህል ጋር ነው። እኛ በሦስት ሙከራ የደረስንበት እሳቸው ከእናታቸው የተማሩት ሆኖ ተገኘ።

«ያሰክራል ወይስ አያሰክርም?»

የማያሰክረውን መጠጥ የቀመሱ የአንድ ገበሬ ማኅበር አባላት በጣም ወደዱት። ሊቀ መንበሩም ከማኅበሩ ቁጠባ ገንዘብ ወጥቶ ትልቅ በርሜል እንዲገዛ ሐሳብ አቀረቡ። በስብሰባው የነበሩ አንድ ሽማግሌ ግን «ልጆቼ፣ ይህ ነገር ያሰክራል ወይስ አያሰክርም?» ብለው ጠየቁን። እኛም ሳንመረምር «አያሰክርም፣ ሐጂ» ብለን መለስን።

በማግሥቱ ጠዋት መጠጡን የሞላንባቸው የሃይላንድ ጠርሙሶች አብጠው፣ ሁለቱም ክዳናቸውን አስፈንጥረው ተገኙ። እርሾ ባንጨምርም ከአየርና ከዕቃው የገባ እርሾ ስኳሩን መብላት ጀምሮ ነበር። እርሾ ጋዝ በሚያወጣበት ቦታ አልኮልም ይኖራል። ምን ያህል እንደሆነ የምንለካበት መሣሪያ አልነበረንም።

ሦስታችን ተመካክረን ወደ ሽማግሌው ቤት ሄድን። «ሐጂ፣ ትናንት የተናገርነው ትክክል አልነበረም፤ ይቅርታ ያድርጉልን» አልናቸው። ሐጂም ጥቂት ዝም ብለው «በርሜሉ ሳይገዛ መምጣታችሁ ደግ ነው» አሉን። ገንዘቡ ከማኅበሩ ሣጥን ሳይወጣ ቀረ። ያን ቀን ሄደን ባንነግራቸው ኖሮ፣ አንድ ማኅበር ሙሉ ከሃይማኖቱ ውጭ የሆነ ነገር ሳያውቅ ይጠጣ ነበር።

ከዚያ ወዲህ መጠጡን አፍልተን፣ ዕቃውንም በፈላ ውሃ አጥበን፣ በዕለቱ ብቻ እንጠጣለን። በሚለካ መሣሪያ እስኪመረመር ድረስ ግን «አልኮል የለውም» ብለን ለማንም አንሸጥም።

ለማኅበራት መሪዎች

ወጣቶች ተደራጅተው እንዲህ ያለ ሥራ እንጀምር ብለው ሲመጡ መሪዎች የሚከተሉትን ቢጠይቁ ይበጃል፦

1ኛ/ እህሉ ከየት ይመጣል? ለዘርና ለቤት ቀለብ የተቀመጠ እህል ሊነካ አይገባም።

2ኛ/ ስንት ጊዜ ተሞክሯል? ሙከራው በማሰሮ ይሁን፤ ሳይሳካ ቢቀር የሚጠፋው አምስት ኪሎ እንጂ የማኅበሩ ቁጠባ አይሆንም።

3ኛ/ የተጻፈ መዝገብ አለ? ቀኑ፣ የእህሉ ሚዛን፣ ሙቀቱና የተበላሸውም ሁሉ ሊመዘገብ ይገባል።

4ኛ/ መጠጡ ለገዢው ምን ተብሎ ይነገራል? ማስረጃስ አለው?

5ኛ/ ወጪና ትርፍ በባልንጀሮቹ መካከል እንዴት ይከፈላል? ስምምነቱ ሥራው ከመጀመሩ በፊት በጽሑፍ ይሁን።

የእኛ መዝገብ አሁን ሰባተኛ ሙከራ ላይ ደርሷል። ማሰሮዎቹም ያው ሁለቱ ናቸው።