የመኪና ፖሊሽ፦ የሚያበራው የጨመርነው ነው ወይስ የቀነስነው?

ከሰዓት በኋላ ፀሐይ ላይ የቆመ ጥቁር ወይም ጥቁር ሰማያዊ መኪና ጠጋ ብላችሁ እዩ። ፀሐይዋ ኮፈኑ ላይ በምታንጸባርቅበት ነጥብ ዙሪያ የሸረሪት ድር የመሰለ ክብ ክብ ጭረት ታያላችሁ። ብዙ ሰው ይህን ሲያይ «አጣቢው ጨርቁን እያዞረ ስላሸው ነው» ይላል። እኔም እንደዚያ ነበር የማስበው። ጭረቱን ያመጣው እጥበት መሆኑ ብዙ ጊዜ ልክ ነው፤ ክብነቱ ግን ከአጣቢው እጅ የመጣ አይደለም።

ማረጋገጥ ቀላል ነው። ብዙ ዓመት ያገለገለ፣ ሲገዛ መስታወት ይመስል የነበረ የብረት ትሪ አምጡ። ክፍሉን ጨለም አድርጉና የስልካችሁን መብራት ከላይ ያዙበት። በመብራቱ ነጸብራቅ ዙሪያ ያው ክብ ክብ ጭረት ይታያል። አሁን መብራቱን ወደ ጎን ውሰዱት። ክቦቹ አብረው ይሄዳሉ! ጭረት ደግሞ ከቦታው አይንቀሳቀስም።

ምክንያቱ ይህ ነው። አንድ ጭረት በአጉሊ መነጽር ሲታይ ጠባብ ቦይ ነው። የቦዩ ግድግዳዎች እንደ ትንንሽ ያዘመሙ መስታወቶች ሆነው ብርሃኑን ወደ ቦዩ ግራና ቀኝ ይረጩታል። ስለዚህ ከጭረቱ የተረጨው ብርሃን ዓይናችን ጋ የሚደርሰው ጭረቱ ከነጸብራቁ አንጻር አግድም ተኝቶ ከሆነ ነው። በነጸብራቁ ዙሪያ አግድም የተኙትን በሐሳብ ብትቀጣጥሏቸው ክብ ይሆናሉ። ወደ ነጸብራቁ ቀጥ ብለው የተዘረጉት እዚያው እያሉ አይታዩንም። በሌላ አነጋገር መኪናው በሁሉም አቅጣጫ ተጭሯል፤ እኛ በአንድ ጊዜ የምናየው ከፊሉን ብቻ ነው።

ነጭ መኪና ላይ ይህ ብዙም የማይታየው ነጭ ስላልተጫረ አይደለም። ከነጩ ቀለም ተበትኖ የሚመለሰው ብርሃን ብዙ ስለሆነ የጭረቱን ብልጭታ ይውጠዋል። ጥቁር ላይ ከሥር የሚመለስ ብርሃን የለም ማለት ይቻላል፤ ጭረቱ ብቻውን ያበራል።

ከፀጉር የቀጠነ ሽፋን

የዛሬ መኪና ቀለም አንድ ድርብ አይደለም። ከታች ብረቱን ከዝገት የሚጠብቅ ሽፋን፣ ከዚያ ፕራይመር፣ ከዚያ ቀለሙ ራሱ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ቀለም የሌለው ግልጽ ሽፋን አለ፤ በተለምዶ ክሊር የሚባለው። ከፋብሪካ በወጡ ብዙ መኪኖች ላይ የዚህ ግልጽ ሽፋን ውፍረት ከ40 እስከ 50 ማይክሮን አካባቢ ነው። ማይክሮን የሚሊሜትር አንድ ሺህኛ ነው፤ የሰው ፀጉር 70 ማይክሮን ገደማ ይወፍራል። የእጥበት ጭረት ደግሞ ብዙውን ጊዜ ከጥቂት ማይክሮን አይጠልቅም። ጥፍራችሁን ስታሳልፉበት ያዝ የሚያደርጋችሁ ከሆነ ግን ያ ጥልቅ ነው፤ በፖሊሽ ለማጥፋት አትሞክሩት።

የሽፋኑ ሥራ ማብለጭለጭ ብቻ ቢሆን ኖሮ መሳሳቱ ብዙም አያሳስብም ነበር። ነገር ግን ውስጡ አልትራቫዮሌት ጨረርን የሚውጡ ኬሚካሎች አሉ፤ ከሥር ያለውን ቀለም ከፀሐይ የሚጠብቀው እሱ ነው። ጨረሩ ደግሞ ወደ ላይ በወጣን ቁጥር በየ1,000 ሜትሩ 10 በመቶ ያህል ይጨምራል። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ላይ መሆኗን አስቡ። ጣሪያውና ኮፈኑ መጀመሪያ ነጣ ነጣ ብሎ ቀጥሎ እንደ እባብ ቆዳ የተላጠ መኪና መንገድ ላይ አይታችሁ ይሆናል። ግልጽ ሽፋኑ ያለቀ መኪና ማለት ያ ነው። እሱን ፖሊሽ አያድነውም፤ ያለው አማራጭ እንደገና መቀባት ነው።

ትልሙን መሙላት ወይስ ማሳውን ማውረድ

ማሳ ላይ አንድ ትልም አለ እንበል። ትልሙን ለማጥፋት ወይ አፈር አምጥተን እንሞላዋለን፣ ወይ በዙሪያው ያለውን መሬት እየፋቅን እስከ ትልሙ ወለል ድረስ እናወርደዋለን። እውነተኛ ፖሊሽ ሁለተኛው ነው። ፈሳሹ ውስጥ ደቃቅ ፈታጊ ቅንጣቶች አሉ፤ ብዙ ጊዜ ከብረት እጅግ የሚጠነክረው አሉሚኒየም ኦክሳይድ ነው። እነሱ ግልጹን ሽፋን እየፋቁ ያወርዱታል። እርግጥ ነው፣ ራሳቸውም ጭረት ይተዋሉ፤ ያ አዲሱ ጭረት ግን እጅግ ትንሽ ነው። የምናየው ብርሃን የሞገድ ርዝመት ከ0.4 እስከ 0.7 ማይክሮን ገደማ ነው። የጭረቱ ጥልቀት ከዚያ በጣም ሲያንስ ብርሃኑ ገጹን እንደ ለስላሳ መስታወት ይቆጥረዋል። አይዛክ ኒውተን እ.ኤ.አ. በ1704 ባሳተመው «ኦፕቲክስ» መጽሐፉ መስታወት መወልወል ማለት ጭረቶቹን ለዓይን እስከማይታዩ ድረስ ማሳነስ መሆኑን ጽፎ ነበር። መኪና ላይ የምንሠራውም ያንኑ ነው። መጀመሪያ ሻከር ያለው ኮምፓውንድ፣ ቀጥሎ ደቃቁ ፖሊሽ የሚመጣውም ለዚህ ነው።

የመጀመሪያው መንገድ፣ መሙላቱ፣ እሱም አለ። ገበያ ላይ «ፖሊሽ» ተብለው ከሚሸጡት ውስጥ አንዳንዶቹ በአብዛኛው ዘይትና ሰም ናቸው። ቦዩን ሲሞሉት ብርሃኑ በአየርና በፕላስቲክ መካከል የነበረውን ትልቅ ልዩነት አያገኝም፤ ስለዚህ መበተኑን ይቀንሳል። ደረቅ ድንጋይ ውኃ ሲነካው ደመቅ የሚለው በተመሳሳይ ምክንያት ነው። ይህ ማጭበርበር ነው አልልም። እንዲያውም ምንም ስለማይፍቅ መኪናውን በዓመት በዓል ሰሞን ብቻ ማሳመር ለሚፈልግ ሰው እኔ የምመርጠው እሱን ነው። ችግሩ «ጭረቱ ጠፋ» ተብሎ ሲሸጥ ነው፤ ከጥቂት እጥበት በኋላ ይመለሳል። ማወቅ ከፈለጋችሁ የፋርማሲ አልኮል ከእኩል ውኃ ጋር ቀላቅላችሁ በንጹሕ ፎጣ ትንሽ ቦታ ጥረጉ። ጭረቱ ተመልሶ ከታየ ተሞልቶ ነበር ማለት ነው።

የሰርጉ ሳምንት

አሁን የራሴን ጉድ ልናገር። ለእህቴ ሰርግ አንድ ሳምንት ሲቀረው የአባቴን ጥቁር ሰማያዊ ኮሮላ እኔ አሳምረዋለሁ አልኩ። የሚሽከረከር የፖሊሽ ማሽን ከሰው ተውሼ ጀመርኩ። ጣሪያው አማረ፣ በሮቹ አማሩ። ኮፈኑ ላይ ስደርስ ጎንና ጎኑ ላይ ያለችውን ስል መታጠፊያ እንደ ሌላው ቦታ ጫን ብዬ አሸሁ። ስፖንጁን ሳነሳ ነጭ የነበረው ሰማያዊ ሆኗል። የሃምሳ ሳንቲም የምታህል ቦታ ላይ ግልጹን ሽፋን በስቼ ቀለሙ ጋ ደርሻለሁ። አባቴ መጣ፤ ጎንበስ ብሎ አየና «አንቺ ኢንጂነር አይደለሽም እንዴ?» አለኝ።

ነኝ። የሚያሳፍረው ደግሞ ቀመሩን ማወቄ ነው። እ.ኤ.አ. በ1927 ፕሬስተን የተባለ የመስታወት ባለሙያ የሚፋቀው መጠን ከግፊቱ፣ ከፍጥነቱና ከጊዜው ብዜት ጋር ተመጣጣኝ መሆኑን ጽፎ ነበር። ዛሬም የኮምፒውተር ቺፕ የሚያለሰልሱ ፋብሪካዎች ከዚህ ሕግ ይነሳሉ። እንግዲህ አስሉት። 14 ሳንቲሜትር ስፋት ያለው ክብ ስፖንጅ ሜዳ ላይ ሲተኛ የእጄን ክብደት 154 ካሬ ሳንቲሜትር ላይ ያከፋፍለዋል። ስለታም መታጠፊያ ላይ ሲቆም ግን የሚነካው ምናልባት 5 ካሬ ሳንቲሜትር ነው። ያው ክብደት 30 እጥፍ ገደማ ግፊት ሆነ ማለት ነው። ስፖንጁ ስለሚሟሽሽ እውነተኛው ቁጥር ከዚህ ያንሳል፤ ቢሆንም በቂ ነው። በዚያ ላይ ቀለም ሲቀባ ገና ፈሳሽ እያለ ከስል ጠርዝ ስለሚሸሽ ሽፋኑ እዚያ ከመጀመሪያውም ቀጭን ነው። የሚበዛው ግፊት የሚያርፈው በጣም በሳሳው ቦታ ላይ ነው።

ስለዚህ ቤታችሁ የምትሞክሩ ከሆነ ጠርዞችንና መታጠፊያዎችን ሁሉ ቀለም ቀቢዎች በሚጠቀሙበት የወረቀት ፕላስተር ሸፍኑ። ማሽን የምትጠቀሙ ከሆነ እየዞረ የሚወዛወዘውን ዓይነት ፈልጉ። እሱ ጫን ሲሉት መዞሩን ይቀንሳል፤ የእኔው ግን ጫን ቢሉትም ይዞራል። ብረት መቁረጫ ግራይንደር ላይ ስፖንጅ ገጥሞ መሞከርማ አይታሰብ፤ አነስተኛው በደቂቃ ወደ 11,000 ጊዜ ይዞራል። በእጅ መሥራት አድካሚ ነው፤ ዝግታው ግን ስህተታችሁን ከማባባሳችሁ በፊት እንድታዩት ጊዜ ይሰጣችኋል።

መኪናው ታጥቦ፣ ጥላ ውስጥ ቆሞ፣ ብረቱ መቀዝቀዝ አለበት። እጃችሁን ስስ ፌስታል ውስጥ አስገብታችሁ ቀለሙን ዳስሱት፤ ባዶ እጅ የማይሰማውን ሻካራነት ይነግራችኋል። ሻካራ ከሆነ የተጣበቀ ቆሻሻ አለ፤ እሱ ሳይነሳ ፖሊሽ አይጀመርም። ከዚያ 40 በ40 ሳንቲሜትር የሚሆን አንድ ቦታ ብቻ ምረጡና ከደቃቁ ፖሊሽ ጀምሩ። እሱ ከበቃ ኮምፓውንዱን አትክፈቱት። ጨርቁ የመኪናውን ቀለም ካወጣ ቁሙ፦ ወይ መኪናው ከመጀመሪያውም ግልጽ ሽፋን የለውም፣ ወይ እንደ እኔ በስታችሁታል። አንዳንድ አሮጌ መኪኖች፣ እንዲሁም በርካሽ ድጋሚ የተቀቡ፣ ቀለማቸው አንድ ድርብ ብቻ ሊሆን ይችላል። ሁሉንም ጭረት ካላጠፋሁ ማለት ደግሞ ስግብግብነት ነው። አብዛኛው ከጠፋ ይበቃል፤ የቀረውን ለማጥፋት የምትፍቁት ሽፋን ሲያረጅ የሚያስፈልገው ነው። በመጨረሻ ሰም ይቀባል። ሰሙ ውኃ ያንሸራትታል እንጂ የተፋቀውን አይተካም።

ከሁሉም የሚቀለው ግን ጭረቱ እንዳይመጣ ማድረግ ነው። አቧራ ውስጥ ኳርትዝ አለ። በሞስ የጥንካሬ መለኪያ 7 ነው፤ ከተለመደው ቢላ ብረት ይጠነክራል። ጠዋት ጠዋት ጥበቃው በቅንነት በደረቅ ጨርቅ መኪናውን ሲወለውል ግልጹን ሽፋን በጣም ደቃቅ በሆነ ብርጭቆ ወረቀት እያሸ ነው። ውኃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር በአንድ ባልዲ መታጠቡም እንደዚያው ነው፤ ከጎማው የተነሳው አሸዋ ጨርቁን ይዞ ኮፈኑ ላይ ይወጣል። ብዙ ውኃ አያስፈልግም። መጀመሪያ ሳይነኩ አቧራውን ማውረድ፣ ጨርቁን የሚያለቀልቁበትን ውኃ ከሳሙናው ባልዲ መለየት፣ ጎማውን መጨረሻ ላይ፣ በሌላ ጨርቅ።

እኛ ግቢ በር ላይ አሁን የአትክልት መርጫ አለ። ጥበቃው መጀመሪያ «ሳይነካ ሊታጠብ?» ብሎ ስቆብኝ ነበር፤ ዛሬ መርጫውን ሌላ ሰው ሲያነሳበት ይቆጣል። ኮፈኑ ላይ ያለችውን ነጥብ በሰርጉ ዕለት በአበባ ሸፈንናት። አበባው ሲነሳ ግን አባቴ አላስቀባትም፤ እንግዳ ሲመጣ እየጠራኝ ያሳያል።